የጋኦን ዱካ ያነበበው ሰው

በካራቤ መሬቱ ሁሉ አሸዋ ነው፤ አሸዋ ደግሞ ሐሜተኛ ነው፤ ማን በየት በኩል እንዳለፈ ሳይናገር አይውልም። ስለዚህ ካራቤ ላይ የሰውን እግር ከፊቱ እኩል የማያውቅ የለም። ሴቶቹ እንኳ ሥር ሊቆፍሩ ሲወጡ መንገዱን አየት አድርገው «የእገሊት ባል ዛሬ ብቻውን ነው የወጣው» ይባባላሉ። ጻኡ ግን ከሌላው ይለይ ነበር። ያለፈው ሰው ጠግቦ ይሁን ተርቦ፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ይሁን ታርቆ ከዱካው ያውቃል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ቀልዱም ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

አደን ሲወጣ ከሁለት ሰዎች አይለይም፤ ከጋኦና ከደቤ። ሦስቱ በአንድ የዝናብ ወቅት የመጀመሪያ አውሬያቸውን የጣሉ፣ በአንድ ቀን ክንዳቸውን ተበጥተው ከሰልና ስብ የተቀቡ ሰዎች ናቸው። ጋኦ ቀስተኛ ነው፤ በደረቱ እየተሳበ ሚዳቋ ጆሮዋን ሳታቆም የሚደርስባት። ደቤ የመርዝ ሰው ነው። ከቁጥቋጦ ሥር ቆፍሮ የሚያወጣውን የጥንዚዛ ትል እያፈረጠ፣ ከፍላጻው ስለት ዝቅ ብሎ በተጠመጠመው ጅማት ላይ ይቀባል። ስለቱ ላይ አይቀባም፤ ስለቱ ላይ የቀባ ሰው አንድ ቀን ራሱን ቧጭሮ ይሞታልና። ጻኡ ደግሞ ዱካ ነው። የተወጋ አውሬ ወዲያው አይወድቅም፤ መርዙ እስኪጨርሰው አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ይሄዳል። ተከትሎ የወደቀበትን የሚያገኘው ጻኡ ነው።

ጻኡ የሚለው ስም የጋኦ አባት ስም ነው። በእኛ ዘንድ ስም ባዶውን አይዞርም፤ የአባትህን ስም የያዘ ሰው አባትህ ነው። ስለዚህ ጋኦ በሦስት ዝናብ ቢበልጠውም ጻኡን የሚጠራው «አባቴ» እያለ ነበር።

«አባቴ፣ ልጅህ ተርቧል። ቶሎ በልና ዱካውን አግኝልን» ይለዋል።

«ይሄ ልጅ አላደገልኝም» ይላል ጻኡ ወደ ደቤ ዞሮ። «ጢም አውጥቶ እንኳ አጉርሱኝ ነው የሚለው።»

«ያሳደግከው አንተ። እኔን ምን ታየኛለህ?» ይላል ደቤ።

ፍላጻም ይለዋወጡ ነበር። የሥጋው ጌታ የወጋው ሰው አይደለም፤ የፍላጻው ባለቤት ነው። ማን የትኛውን ብልት እንደሚወስድ የሚያካፍለው እሱ ነው። ስለዚህ በጋኦ ኮሮጆ ውስጥ ዘወትር የጻኡ ፍላጻ፣ የደቤም ፍላጻ አይጠፋም፤ ዓይኑ የፈዘዘ ሽማግሌ የሠራው እንኳ ይገኝበታል። እንዲህ በመሆኑ ጋኦ የፈለገውን ያህል ቢገድል ደረቱን የሚነፋበት ምክንያት አልነበረውም።

አንድ ዓመት በደረቁ ወራት መጨረሻ ላይ ጋኦ አንድ ትልቅ ሳላ ጭኑ ላይ ወጋ። ያን ቀን አልተከተሉትም፤ ተወጋ ብሎ የሚሯሯጥ አዳኝ አውሬውን ያበረታዋል ይባላል። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ጻኡ ከፊት ሆኖ ዱካውን ያዘ። ሳላው በመጀመሪያ ከመንጋው ጋር ነበር፤ ከዚያ ተለየ። ሰኮናው አሸዋውን መጎተት ጀመረ። አንድ ቦታ ተኝቶ ተነሣ፤ ከዚያ ሌላ ቦታ፤ ሦስተኛው ላይ ደሙ ጠቁሯል። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እሾሃማ ጥሻ ውስጥ በጎኑ ተዘርግቶ አገኙት።

ጻኡ ቁጢጥ ብሎ አየው። ከአፍንጫው ፊት ያለው አሸዋ አይንቀሳቀስም። «ሞቷል» አለ።

«ለማንኛውም በድንጋይ እንሞክረው» አለ ደቤ።

«ሞቷል አልኩህ እኮ። እኔ ሞቷል ካልኩ ሞቷል።»

ጋኦ ቢላዋውን ይዞ ቀድሞ ገባ። ሳላው አንዴ ብቻ ነው የተነሣው፤ ያቺ አንዴ ግን በቃችው። ቀንዱ የጋኦን የግራ እግር ከላይ ወደ ታች አልፎ አሸዋው ላይ ተተከለ። ደቤ በጦር ጨረሰው። ጻኡ ቆሞ ቀርቶ ነበር።

ጋኦን አዝሎ እስከ ካራቤ የተመለሰው ጻኡ ነው። መንገዱ አንድ ቀን ሙሉ ወሰደ። ጋኦ በሕመሙ መካከል ጀርባው ላይ ሆኖ «አባቴ፣ ልጅ ሳለሁም እንዲህ አላዘልከኝም» ይለዋል። ደቤ ከኋላ የሚችለውን ያህል ሥጋ ተሸክሞ «ይሄ ሁሉ ለከሳ ሽማግሌ ሳላ ነው። አጥንቱ እንኳ መረቅ አይወጣውም» እያለ ያጉረመርማል። ሳላው በስብ የተንቆረቆረ ነበር፤ ደቤ እንዲያ ማለቱ ግን ወግ ነው፤ ሥጋ ተንቋሾ ነው የሚበላው።

እግሩ ዳነ፤ ግን ጠሞ ዳነ። ሁለት ጣቶቹ ሞቱ፤ በውስጠኛው ጠርዝ አሸዋውን እየጎተተ ይራመድ ጀመር። «ከእንግዲህ የጋኦን ዱካ ዕውር በዳሰሳ ያውቀዋል» ተባለ። ጋኦ ስለዚያ ቀን ጻኡን ወቅሶት አያውቅም። ሰው እንዴት እንደሆነ ሲጠይቀው ብቻ «አባቴ ሞቷል አለኝ። የአባት ቃል እንዴት ይታለፋል?» እያለ ይስቃል። የሰማው ሁሉ ይስቃል። ጻኡም ይስቃል፤ ሳቁ ግን ሁልጊዜ ከሌላው ዘግየት ብሎ ነበር የሚመጣው።

ድሮ ለካራቤ ሰዎች በቀስት አድኑ የሚል ወረቀት ተሰጥቷቸው ነበር። አንድ ቀን ሰዎች በመኪና መጥተው ወረቀቱ ቀርቷል አሉ። ሳላና አጋዘን ያለ ፈቃድ አይነካም፤ ቀጭኔ ደግሞ የአገር ምልክት ስለሆነች ፈቃድ ቢኖርም ጭራሽ አትነካም። ሽማግሌዎቹ አዳመጡ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ መኪናው ሲሄድ «ቀጭኔዋ ይህን ሰምታለች?» ተባባሉ።

ከዚያ ዝናቡ ሦስት ዓመት በተከታታይ ቀረ። የበረሃው ሐብሐብ ሳይጎመራ ደረቀ። የጻኡ ሚስት ዲካኦ በሁለተኛው ዓመት ማሳል ጀመረች፤ በሦስተኛው ደም ተፋች። ሐኪም ያለበት ከተማ በመኪና ሁለት ቀን ነው፤ በእግር ደግሞ የምትደርስ አትመስልም ነበር። የአራዊት ጠባቂዎቹ አለቃ፣ ሞሌፌ የሚባል፣ ጠባቂዎቹ በአክብሮት «ራ ሞሌፌ» የሚሉት ረጅም ሰው፣ ወደ ካራቤ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ጠባቂዎቹ የከተማ ልጆች ናቸው፤ ዱካ አያውቁም።

«እኔ የናንተን ሰው አልፈልግም» አለው ጻኡን ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ። «የምፈልገው ጠመንጃ ይዘው ከወሰኑ ወዲያ የሚመጡትን ነው፤ ዝሆን ገዳዮቹን። አንተ እነሱን አሳየኝ፤ እኔ ሚስትህን በመኪናዬ ሐኪም ቤት አደርሳለሁ። እስክትድንም አመላልሳለሁ።»

ጻኡ ለጓደኞቹ ነገራቸው። ደቤ ፍላጻ እየሞረደ ነበር፤ ቀና አላለም።

«ውሻም ዱካ ያውቃል» አለ። «የሚያነሣው ግን ለጌታው ነው።»

«ደቤ፣ ተወው» አለ ጋኦ። «ሚስቴ ሳጋይ ደም ብትተፋ እኔ እንዲህ አላደርግም? አንተስ? ሂድ አባቴ። ዲካኦ ትታከም። ዝሆን ገዳይ ደግሞ ምኔም አይደለም።»

ጻኡ ሄደ። ዩኒፎርምና ወፍራም ጫማ ሰጡት። ጫማው ሰፋ ይለው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ካራቤ በጫማ የመጣ ዕለት ሴቶቹ ዱካውን አይተው «እንግዳ መጣ» ብለው ነበር። ጋኦ ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሞሌፌ ቃሉን ጠበቀ። ዲካኦ ሐኪም ቤት ደረሰች፤ መድኃኒቱን ለብዙ ወራት ወሰደች፤ ደሙ ቆመ፤ ጉንጯ ሞላ። ጻኡም ቃሉን ጠበቀ። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ ጠመንጃ የያዙ ሰዎችን ተከታትሎ ከጎሬያቸው አስይዟል። ጠባቂዎቹ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ሰጡት። ደስ አለው። ዱካ ማንበቡ ካራቤ ላይ ቀልድ ነበር፤ እዚህ ግን የከተማ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። ይህን ደስታ ለማንም አልተናገረውም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ከካራቤ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ባለው የጠባቂዎች ሰፈር ብዙ ቀን ከርሞ ሳለ፣ አንድ ጠዋት ጥንብ አንሳዎች በስተ ምሥራቅ ሲያንዣብቡ ታዩ። ሞሌፌ መኪናውን አስነሣ። ሲደርሱ የቀጭኔ ቅሪት ነው፤ አንገቷ፣ ጎድኗ፣ የተገፈፈ ቆዳዋ። ጻኡ እንደ ልማዱ «እናንተ እዚያ ቁሙ፤ ዱካውን አታበላሹ» ብሎ ብቻውን ገባ።

ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም። የግራ እግር በውስጠኛው ጠርዝ አሸዋውን ጎትቷል፤ ሁለት ጣት የለም። ከጎኑ ጣቶቹ ወደ ውጭ የተበተኑ ሰፊ እግር አለ፤ ደቤ። ከዚያ ትናንት ሥጋ ለመሸከም የመጡ ሴቶች፤ የሳጋይ አጭር እርምጃ ከፊት ነው። ቀጭኔዋ ዞራ ዞራ እዚያው የተወጋችበት አጠገብ ነበር የወደቀችው፤ ጋኦ የት በደረቱ እንደተሳበ አየ። የት ተቀምጦ እግሩን እንዳሸ አየ። ያ እግር ሲደክም ያመዋል፤ ጻኡ ያውቃል።

ከዚያ ቁጥቋጦ ሥር የፍላጻው ሸንበቆ ወድቆ አየ። ስለቱ በሥጋው ሲቀር ሸንበቆው ይወድቃል፤ የተሠራው እንዲያ ነው። አነሣው። ጫፉ ላይ በእሳት የተተኮሱ ሁለት ቀለበቶች አሉ። የራሱ ምልክት ነው። ባለፈው ዓመት ለጋኦ ሠርቶ የሰጠው ነው።

ቀጭኔዋ የእሱ ነበረች ማለት ነው። ሥጋዋን ማካፈል የነበረበት እሱ ነው።

ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ ሸንበቆውን ሰበረና ሁለቱን ስባሪ ጫማው ውስጥ ከተተ። ሰፊ ስለነበር በቀላሉ ገባ።

«ስንት ናቸው?» አለ ሞሌፌ።

«ሁለት። ባዕዳን ናቸው፣ ራ ሞሌፌ። ከወሰኑ ወዲያ የመጡ።»

«ወደየት ሄዱ?»

«ወደ ወሰኑ።»

ከጠባቂዎቹ አንዱ፣ በዚያ ዓመት የተቀጠረ ልጅ እግር፣ ጎንበስ ብሎ ነበር። «ይሄኛውስ?» አለ በጣቱ እያሳየ። «ይሄ አንካሳ ነው። ወደ ካራቤ ነው የሚሄደው።»

ሞሌፌ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። ጮኾ የሚናገር ሰው አልነበረም።

«ጻኡ፣ የአንተን ሰዎች አልጠላም» አለ። «ግን ይህን አይቼ ብመለስ እኔም እጠየቃለሁ። ሁለት ስም ስጠኝ፤ ሁለት ሰው እወስዳለሁ። ካልሰጠኸኝ ካራቤ ገብቼ ወንድ የተባለውን ሁሉ እጭናለሁ። አንተንም ጨምሬ።»

ጻኡ በኋላ ለራሱ ብዙ ጊዜ የነገረው የመጀመሪያውን ነው፤ ካራቤን ሁሉ ከማስጫን ሁለት ሰው ይሻላል የሚለውን። በዚያች ሰዓት ጆሮው ውስጥ የቀረው ግን «አንተንም ጨምሬ» የሚለው ነበር። ሸንበቆው ቁርጭምጭሚቱን ይወጋዋል። አካባቢውን ቢፈትሹ፣ እሱንም ቢፈትሹ፣ ምን እንደሚሆን አሰበ።

«ጋኦና ደቤ» አለ።

ካራቤ ሲደርሱ ሥጋው በየዛፉ ተሰጥቶ ነበር። ጋኦ ከቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጅማት ያለሰልሳል። መኪናውን አይቶ አልሮጠም፤ በዚያ እግር የት ይሮጣል? ደቤ ተነሥቶ ነበር፤ ጋኦ «ቁጭ በል» አለውና ተቀመጠ።

ሞሌፌ ስማቸውን ጠራ። ጋኦ ሞሌፌን አላየውም። ያየው ከመኪናው ኋላ የቆመውን ጻኡን ነው።

«አባቴ» አለ። «ከሩቅ ነው ያወቅከኝ ወይስ ጎንበስ ብለህ?»

ጻኡ ዓይኑን ወደ ጫማው አወረደ።

«ጎንበስ ብሎማ አያውቅም አሁን» አለ ደቤ። «ጫማው አያስጎነብሰውም።»

ሞሌፌ «ቀስቱ የማን ነው? ፍላጻውስ?» ብሎ ጠየቀ።

ጋኦ ጅማቱን ቀስ አድርጎ አጥፎ አስቀመጠ። «የእኔ» አለ። «ቀስቱም ፍላጻውም የእኔ ነው። ሌላ ሰው የለበትም። ይሄ ደቤም ሊያግዘኝ ነው የመጣው።»

ደቤ ግን «እኔም አለሁበት» አለ፤ እሱንም ጫኑት። የተሰጣውን ሥጋ ከዛፍ ዛፍ እየለቀሙ ወሰዱ። በየቤቱም ገብተው ፈተሹ። የጻኡን ቤት ብቻ አልፈተሹም፤ የባልደረባቸው ቤት ነው።

ጻኡ ወደ ቤቱ የመጣው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ዲካኦ ውጭ ተቀምጣ ነበር። ከአጠገቧ ድስት ተደፍቷል።

«ሥጋህን በልቻለሁ» አለችው። «ያንተ ነው ብለው ያመጡልኝን።»

«ማን አመጣው?»

«ሳጋይ። ከሁሉ ፊት ለፊት፣ ደረቱንና ትከሻውን ተሸክማ። ‹ፍላጻው የአማቴ ነው፤ ሲመጣ እሱ ያካፍላል፤ እስከዚያ አንቺ ብዪ› ብላ። እነዚያ ሰዎች ሰው ቤት ሲበረብሩ ያንተ ሥጋ እሳት ላይ ነበር።»

ጻኡ ተቀመጠ። ስለ መኪናው፣ ስለ ሞሌፌ ዛቻ፣ ስለ ካራቤ ወንዶች ሁሉ ሊነግራት ጀመረ። ሳታቋርጠው እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ያዳነኝ መኪናህ ነው» አለች። «ደሙ ባይቆም ይሻለኝ ነበር አልልህም፤ መኖር ደስ ይለኛል። ካንተ ጋር ግን አይሆንልኝም።»

ምንጣፏንና መቆፈሪያ እንጨቷን ይዛ ታላቅ እህቷ ወዳለችበት ወደ ሌላ የውሃ ጉድጓድ ሄደች። እዚያ ከርማ ሌላ ባል አገባች፤ ዛሬም በሕይወት አለች።

ጋኦና ደቤ ከተማ ተወስደው ሦስት ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። ዳኛው በጠየቃቸው ሁሉ ጋኦ ስለ ፍላጻው ያንኑ መለሰ። ጋኦ ዕድሜውን ሁሉ ከሣር ጎጆ በቀር ጣሪያ ሥር አድሮ አያውቅም። ወህኒ ቤቱ ሲሚንቶ ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ይተኛል። በስምንተኛው ወር ሳል ያዘው፤ በዓመቱ ሞተ። ወሬው ካራቤ የደረሰው ከተቀበረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። መቃብሩ የት እንደሆነ የሚያሳይ አልተገኘም።

ጻኡ ወደ ሳጋይ ቤት ሄደ። ጫማውን አውልቆ ነበር። ሐዘንተኞች ተቀምጠው አገኛቸው፤ ሲያዩት ቦታ ለቀቁለት።

«ምራቴ» አለ። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ፍላጻው የእኔ ነበር። ሸንበቆውን እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

ሳጋይ ብዙ አልቅሳ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ሥጋውን ተሸክሜ ቤትህ ያደረስኩት እኔ ነኝ» አለችው። «የማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው? ካራቤ ላይ ያላወቀ አለ?»

«ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም?»

«ጋኦ መኪናው ላይ ሲወጣ ‹የአባቴን ስም እንዳታነሡ› አለን።»

ደበቅኩት ያለውን ነገር ለካ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያውቁት ኖሯል። ሁሉም አፉን ዘግቶ ያኖረው እሱን ለማትረፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለት ስም ሰጥቷል። ሳጋይ አልሰደበችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ውሃ ሰጠችው፤ ጠጥቶ ሄደ።

ሥራውንም ብዙ አልቆየበትም። ሞሌፌ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ አዲሱ አለቃ ዱካ የሚያነሡ ውሾች አስመጣ። ሊሰናበት ባለበት ቀን ያ አንካሳውን ዱካ ያሳየው ልጅ፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ ስለዚያች ጠዋት አንሥቶ ሳቀ። «ራ ሞሌፌ ግን ጉደኛ ነበር» አለ። «መንደሩን ሁሉ እጭናለሁ ሲልህ ነዳጃችን አንዴ ደርሶ ለመመለስ ብቻ ነበር የሚበቃው። በዚያች መኪናስ ከኋላ ከአራት ሰው በላይ ይጫናል?» ጻኡ ጫማውን አስረከበ፤ ልጁ ፈርም ያለውን ወረቀት በአውራ ጣቱ ፈርሞ በባዶ እግሩ ወደ ካራቤ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ለካራቤ ሰዎች በዓመት ጥቂት አጋዘን በቀስት እንዲያድኑ እንደገና ተፈቅዶላቸው ነበር። ጻኡ ብቻውን ወጣ፤ አብሮት የሚሄድ አልነበረም። ቀስተኛ አይደለም፤ ስንት ቀን ከተመላለሰ በኋላ ነው አንዲት የሰባች አጋዘን የወጋት። ሁለት ቀን ተከታትሎ ወድቃ አገኛት። ድንጋይ ወርውሮ፣ ሌላም ድንጋይ ወርውሮ፣ ረጅም ጊዜ ቁጭ ብሎ ጠብቆ ነው የቀረባት። መንደሩ መጥቶ ተሸክሞ ገባ። ጻኡ እንደ ወጉ «ይቅርታ፣ የማይረባ ነገር ነው ያስለፋኋችሁ፤ ቆዳና አጥንት ነው» አለ።

ጠበቀ። አንድ ሰው «ለዚህ ነው ወገባችንን የሰበርከው?» እንዲለው፤ አንዲት ሴት «ዓይንህ ፈዟል፤ ፍየል ነው የወጋኸው» እንድትለው።

ሽማግሌው አጎቱ ድርሻውን ተቀብሎ «ጥሩ ሥጋ ነው፤ እናመሰግናለን» አለ። ሌላውም እንዲሁ አለ። ሴቶቹም አንድ በአንድ፣ በትሕትና፣ እናመሰግናለን እያሉ ተቀበሉት። እንዲህ የሚመሰገነው በመንገድ የሚያልፍ ነጋዴ ነው። ጻኡ የራሱን ድርሻ ሳይቀምስ ለውሾች ሰጠ።

ደቤ ዘመኑን ጨርሶ ሲመለስ ጥርሱ ረግፎ፣ ጸጉሩ ነጥቶ ነበር። መርዝ መቅመም ተወ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከብት አርቢዎቹ ሰፈር እየሄደ ጠላ መጠጣት ያዘ። ከጻኡ ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ባልተለመደ ጨዋነት «እንደምን አደርክ» ይለዋል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም።

አሁን ሁለቱም አርጅተዋል። ከውሃው ጉድጓድ በላይ እንግዶች የሚያርፉበት የድንኳን ሰፈር ተሠርቷል፤ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ሰዎች የድሮውን አደን ማየት ይፈልጋሉ። ቀስት የያዘ ሰው ፈልገው ካራቤ ላይ የተረፉት ሽማግሌዎች ጥቂት ስለሆኑ ጻኡንም ደቤንም ቀጠሩ። ጠዋት ጠዋት ሸሚዛቸውን አውልቀው ቆዳ ያገለድማሉ፤ ኮሮጆ ያነግታሉ፤ ፍላጻው መርዝ የለውም። ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ዱካ ያያሉ፣ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። እንግዶቹ ከኋላ ሆነው ፎቶ ያነሣሉ።

በዚህ ክረምት አንዲት ፀጉሯ የሸበተ እንግዳ እረፍት ላይ ሳሉ ቀርባ ሁለቱን በፈገግታ አየችና አስተርጓሚዋን አንድ ነገር ጠየቀቻት።

«ስንት ዘመን ነው ጓደኛሞች የሆናችሁት? ትላለች» አለች አስተርጓሚዋ።

ጻኡ ወደ ደቤ አየ። ደቤ አሸዋውን እያየ ነበር።

«ሦስት ነበርን በያት» አለ ደቤ። «አንዱን ይሄ ሸጠው።»

አስተርጓሚዋ ወጣት ናት፤ አገሯም ሌላ ነው። ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። ከዚያ ወደ እንግዳዋ ዞራ ለዘብ ባለ ድምፅ ተናገረች። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ሌሎቹም ሰምተው ፈገግ አሉ።

«ምን አልሻት?» አለ ጻኡ።

«ከልጅነት ጀምሮ ናቸው አልኳት።»

«እሱም እውነት ነው» አለ ደቤና በዱላው ተደግፎ ተነሣ።

የሰፈሩ ኃላፊ እጁን አነሣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀስታቸውን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ፣ ከኋላው ምንም ወደሌለበት ቁጥቋጦ ቀስ እያሉ መጠጋት ጀመሩ።